የድሮ ጋዜጣን በኮምፒውተር ለማጥናት፦ ከስድስት ኪሎ ላይብረሪ የሚጀምር መመሪያ

የታሪክ፣ የሥነ ጽሑፍ ወይም የቋንቋ ተማሪ ናችሁ እንበል። የመመረቂያ ጽሑፋችሁ ደግሞ የድሮ የአማርኛ ጋዜጦችን ይነካል። ይህ መመሪያ ለእናንተ ነው። ዓላማው በጥራዝ ውስጥ ተኝቶ የኖረን ጽሑፍ በኮምፒውተር እንድትፈልጉት፣ እንድትቆጥሩትና ሌላ ሰውም እንዲያጣራው አድርጎ ማዘጋጀት ነው።

ብዙ ሰው ሥራውን የሚጀምረው ከሶፍትዌር ነው። አንዱን ፕሮግራም ያወርዳል፣ ሁለት ቪዲዮ ያያል፣ ከዚያ የሚያስገባበት ጽሑፍ ያጣል። የእኔ ምክር ሌላ ነው። ከላይብረሪው ባለሙያ ጀምሩ፤ ስትጨርሱም እሱው ጋ ተመለሱ። ሶፍትዌሩ መሐል ላይ ይገባል፤ ከሁሉም ቀላሉ ክፍል እሱ ነው።

ጥያቄውን አጥብቡ

«ሴቶችና ትምህርት በኢትዮጵያ» ርዕስ እንጂ ጥያቄ አይደለም። ወደ ላይብረሪ ይዛችሁ የምትሄዱት ጥያቄ ጋዜጣው፣ ዘመኑና የምትፈልጉት ነገር የተለየበት መሆን አለበት። ለምሳሌ እንዲህ ብንለውስ? ብርሃንና ሰላም ጋዜጣ ስለ ሴት ልጆች ትምህርት ሲጽፍ ምን ዓይነት ቃላት ይጠቀም ነበር? እቴጌ መነን ትምህርት ቤት ከተከፈተ በኋላስ አጻጻፉ ተቀየረ?

ጋዜጣው በ1917 ዓ.ም. ተጀምሮ እስከ ጣሊያን ወረራ ዘልቋል። ትምህርት ቤቱ የተከፈተው እ.ኤ.አ. በ1931 ነው። ስለዚህ ዘመኑን ሁሉ መሸከም አያስፈልግም። ከመከፈቱ በፊት አንድ ዓመት፣ ከተከፈተ በኋላ አንድ ዓመት ይበቃል። ጋዜጣው ሳምንታዊ ስለነበር ይህ ብቻ መቶ ገደማ እትም ነው። መቶ እትም በደንብ የሠራ ተማሪ ከበቂ በላይ ሠርቷል። አምስት መቶ ጀምሮ ሰማንያ ላይ የቀረ ግን ምንም የሚያሳየው ነገር የለውም።

ላይብረሪው ጋ፦ ምን ይዛችሁ፣ ምን ብላችሁ ትጠይቃላችሁ?

በመሐል አዲስ አበባ የምትፈልጉት ሁሉ በጥቂት የታክሲ ጉዞ ውስጥ ነው። የመጀመሪያው መድረሻ ስድስት ኪሎ፣ በቀድሞው የገነተ ልዑል ቤተ መንግሥት ግቢ የሚገኘው የኢትዮጵያ ጥናትና ምርምር ተቋም ነው። ተቋሙ እ.ኤ.አ. በ1963 ተመሠረተ። ላይብረሪው ስለ ኢትዮጵያ የተጻፉ መጻሕፍትን፣ ጋዜጦችን፣ የብራና ጽሑፎችንና የመመረቂያ ጽሑፎችን ይዟል። እዚያው ግቢ ውስጥ ኬኔዲ ላይብረሪ አለ። ከዚያ ወመዘክር አለላችሁ፤ ብሔራዊው ቤተ መጻሕፍትና ቤተ መዛግብት ማለት ነው። አራት ኪሎ ደግሞ በ2014 ዓ.ም. የተከፈተው አብርሆት አለ። አብርሆትን ለድሮ ጋዜጣ ሳይሆን ቁጭ ብሎ ለመሥራት እመርጠዋለሁ።

የትብብር ደብዳቤ ከትምህርት ክፍላችሁ አጽፉ። መታወቂያ፣ እርሳስ፣ ባዶ ወረቀትና ቻርጅ የተደረገ ስልክ ያዙ። እስክሪብቶ ቦርሳ ውስጥ ይቅር፤ በድሮ ወረቀት ላይ የፈሰሰ ቀለም አይለቅም።

ዋናው ግን የምትጠይቁት ነው። ብዙ ተማሪ ካታሎግ ላይ የጋዜጣውን ስም ያያል፣ የመደርደሪያ ቁጥሩን ይጽፋል፣ ጥራዙን ተቀብሎ ይቀመጣል። ባለሙያውን ቀና ብሎ እንኳን አያየውም። እዚያ ጠረጴዛ ላይ ለረጅም ዓመታት የሠራ ሰው ካታሎጉ የማይናገረውን ያውቃል። «ጋሼ፣ የ1924ቱ ጥራዝ ሙሉ ነው ወይ?» ብላችሁ ጠይቁ። የትኛው ወር እንደጎደለ፣ የትኛው እትም በስህተት ከሌላ ዓመት ጋር እንደተጠረዘ፣ ሁለተኛ ቅጂ ወመዘክር ይገኝ እንደሆነ፣ ማይክሮፊልም ወይም ስካን የተደረገ ካለ፣ ሌላ ተማሪ በዚሁ ጋዜጣ ላይ ሠርቶ ከሆነ ጠይቁ። አምስት ደቂቃ የማይፈጅ ጥያቄ ወር ሙሉ የሚበላ ልፋት ያስቀራል።

መልሱን ስትሰሙ ጻፉት። በተለይ የጎደሉ እትሞች ዝርዝር የሚባል ወረቀት ከመጀመሪያው ቀን ክፈቱ። ይህ ዝርዝር ከማንኛውም ሶፍትዌር ይበልጣል። ምክንያቱን ወደ መጨረሻው አካባቢ ታዩታላችሁ።

ጥናታችሁ በብራና ጽሑፍ ላይ ከሆነ ደግሞ ከመጓዛችሁ በፊት የተቀዳውን ፈልጉ። እ.ኤ.አ. በ1973 የተጀመረው የኢትዮጵያ የብራና ጽሑፎች ማይክሮፊልም ሥራ ከየገዳማቱና ከየአብያተ ክርስቲያናቱ ወደ ዘጠኝ ሺህ የሚጠጋ ብራና በፊልም አስቀርቷል። የካታሎጉን ብዙ ሥራ የሠሩት ፕሮፌሰር ጌታቸው ኃይሌ ናቸው። ምስሎቹ አሜሪካ ሚኒሶታ በሚገኘው ሂል የብራና ጽሑፎች ሙዚየምና ቤተ መጻሕፍት ድረ ገጽ ላይ በነፃ አካውንት ከፍቶ ማየት ይቻላል። የጀርመኑ ሐምቡርግ ዩኒቨርሲቲም «ቤተ መጻሕፍት» በሚለው የግእዝ ስም የብራናዎችን መግለጫ በኢንተርኔት ያሰባስባል። አንዳንዴ ከጎጃም የምትፈልጉት መጽሐፍ ስልካችሁ ላይ ይከፈታል።

ፎቶ ማንሳት

መጀመሪያ ፈቃድ ጠይቁ። የትኛው እንደሚፈቀድ፣ ስንት ገጽ ድረስ እንደሆነና ክፍያ ካለው አጣሩ። ፍላሽ አጥፉ። መስኮት አጠገብ ተቀመጡ፣ ግን ፀሐይ በቀጥታ ገጹ ላይ አይውደቅ። የተጠረዘን ጋዜጣ ጠፍጥፋችሁ ለመክፈት አትጫኑት፤ መሐሉ ይሰነጠቃል። በሁለቱም በኩል መጽሐፍ ደግፉበትና በከፈተው ልክ አንሱት።

ስልኩ ከገጹ ጋር ትይዩ ይሁን። ትንሽ ካዘነበለ ከጥጉ ያሉት ፊደላት ይጠባሉ፣ ኮምፒውተሩም አያነባቸውም።

አንዲት የምወዳት ዘዴ አለች። ጥራዙን ከመክፈታችሁ በፊት ጀርባውን ከነመደርደሪያ ቁጥሩ አንሱት፤ ገጾቹን ከዚያ አስከትሉ። ጥራዝ በቀየራችሁ ቁጥር እንደገና እንዲሁ አድርጉ። ከሦስት ወር በኋላ ስልካችሁ ውስጥ ስምንት መቶ የሚመሳሰል ፎቶ ይኖራል። የትኛው ከየት እንደመጣ የሚነግራችሁ ያ የጀርባ ፎቶ ነው።

ከላይብረሪው ሳትወጡ አምስት ስድስት ፎቶ ከፍታችሁ አጉሉ። «ሰ»ን ከ«ስ»፣ «ኀ»ን ከ«ነ» መለየት ካቃታችሁ ድጋሚ አንሱ። ማታ ቤት ስትገቡ ወደ ኮምፒውተርና ወደ ፍላሽ ገልብጡት፤ ኢንተርኔት ሲገኝ ሦስተኛ ቅጂ ኦንላይን ይቀመጥ። ስልክ ይሰረቃል፣ ላፕቶፕ ይበላሻል፤ ሦስቱም በአንድ ቀን አይጠፉም።

ሠንጠረዡ፦ ቀን ላይ ተጠንቀቁ

ኤክሴል ክፈቱ። አንድ እትም አንድ ረድፍ ይሁን። ዓምዶቹ የጋዜጣው ስም፣ የወጣበት ቀን፣ ዓመትና ቁጥር፣ የገጽ ብዛት፣ ጥራዙ ያለበት ላይብረሪ፣ የመደርደሪያ ቁጥር፣ ፎቶው የተነሳበት ቀን፣ የፋይሉ ስም፣ አስተያየት። ላይብረሪዎች ለዚህ የሚጠቀሙበት ደብሊን ኮር የሚባል አሥራ አምስት ነጥብ ያለው መግለጫ አለ። ካታሎግ የሚሠራውን ባለሙያ ሠንጠረዣችሁን አሳዩትና ዓምዶቻችሁን ከሱ ጋር አስተካክሉ። ኋላ ላይ ሥራችሁን ላይብረሪው ሲቀበል እንደገና መሥራት አይኖርባችሁም።

ለፋይል ስም የኢትዮጵያን ቀን በዓመት፣ በወር፣ በቀን፣ ከዚያ በገጽ ቅደም ተከተል ስጡት። የኅዳር 9 ቀን 1924 ዓ.ም. እትም ሁለተኛ ገጽ 1924-03-09-02 ይሆናል። እንዲህ ሲሆን ኮምፒውተሩ ራሱ በጊዜ ቅደም ተከተል ይደረድርላችኋል። በፋይል ስም ውስጥ የግእዝ ፊደል ባታስገቡ ይሻላል፤ አንዳንድ ፕሮግራም ላይ ይበላሻል።

አሁን ቀኑ። የኢትዮጵያንና የፈረንጁን ቀን በሁለት ዓምድ ያዙ፤ አንዱን በሌላው አትተኩ። ልዩነቱ ከመስከረም እስከ ታኅሣሥ ሦስተኛ ሳምንት ድረስ 7 ዓመት፣ ከዚያ በኋላ 8 ዓመት ነው። ይህን ብዙ ሰው ያውቃል። ብዙ ሰው የሚስተው አንዷን ቀን ነው። ጳጉሜን 6 የሆነችበት ዓመት ሲያልፍ አዲሱ ዓመት በሴፕቴምበር 11 ሳይሆን በ12 ይገባል፤ እስከ ፌብሩዋሪ ማለቂያ ሁሉም ቀን በአንድ ይገፋል። 1923 የሉቃስ ዘመን ነበር፣ ጳጉሜን 6 ነበረች። ስለዚህ ኅዳር 9 ቀን 1924 በፈረንጁ ኖቬምበር 19 ቀን 1931 ነው። በቀጣዩ ዓመት ኅዳር 9 ግን ኖቬምበር 18 ላይ ውሏል።

እንዴት ታጣራላችሁ? ጋዜጣው ራስጌ ላይ የሳምንቱ ቀን ከታተመ ተጠቀሙበት። ኖቬምበር 19 ቀን 1931 ሐሙስ ነው። የታተመው ሐሙስ ሆኖ የእናንተ ስሌት ረቡዕ ካለ፣ በአንድ ቀን ተሳስታችኋል። የሮይተርስ ዜና ወይም የእንግሊዝ ቆንስላ ደብዳቤ ከጋዜጣው ጋር ስታመሳክሩ ይህች አንድ ቀን ማን ከማን ቀደመ የሚለውን ትገለብጣለች።

በግእዝ ቁጥር የታተመውን ቀንም እንዳለ ያዙት። ፲፱፻፳፬ን 1924 ብላችሁ ስትጽፉ ዋናው በሌላ ዓምድ ይቀመጥ። ፮ እና ፯ ያረጀ ወረቀት ላይ ይምታታሉ፤ ያኔ የምትመለሱበት ያስፈልጋችኋል።

ፎቶውን ወደ ጽሑፍ መቀየር

ቴሰራክት የሚባል ነፃ ፕሮግራም አማርኛ ያነባል። ስትጭኑት የአማርኛውን የቋንቋ ፋይል አብራችሁ አውርዱ፤ ያለዚያ ፊደሉን በላቲን ለማንበብ ሞክሮ ትርጉም የሌለው ነገር ይሰጣችኋል። የጋዜጣ ገጽ በዓምድ የተከፈለ ስለሆነ እያንዳንዱን ዓምድ ለብቻው ቁረጡ። ሳትቆርጡ ከሰጣችሁት የግራውን መስመር ከቀኙ ጋር አያይዞ ያነበዋል።

ሁሉንም ከመስጠታችሁ በፊት አንድ ገጽ ሞክሩ። ከወጣው ጽሑፍ መቶ ቃል ቁጠሩና ከፎቶው ጋር አመሳክሩ። አምስት ስድስት ቃል ከሳተ ቀጥሉበት፤ እያረማችሁ ትሄዳላችሁ። ሃያ ሠላሳ ከሳተ ግን ከማረም በእጅ መተየብ ይፈጥናል። በዚያ ዘመን የማተሚያ ፊደል የታተመ፣ ቀለሙ የፈዘዘ ገጽ ላይ ይህ ብርቅ አይደለም። በእጅ መተየብ ሽንፈት አይደለም። እንዲያውም እየተየበ ያነበበ ሰው ጽሑፉን ያውቀዋል፤ የጸሐፊውን አነጋገር በጆሮው ይሰማዋል። ለመቶ እትም ጥናት እኔ ለጥያቄዬ የሚሆኑትን ጽሑፎች ብቻ መርጬ ብተይብ እመርጣለሁ።

ስትተይቡ በዩኒኮድ ተይቡ፤ ኮምፒውተሮች ሁሉ የየቋንቋውን ፊደል በአንድ ዓይነት የሚያውቁበት መስፈርት ማለት ነው። የግእዝ ፊደል ዩኒኮድ ውስጥ የገባው እ.ኤ.አ. በ1999 ነው። ከዚያ በፊትና ከዚያም በኋላ ለብዙ ጊዜ ዩኒኮድ ባልሆኑ የግእዝ ፎንቶች የተጻፉ ፋይሎች ዛሬ ስትከፍቷቸው የላቲን ምልክት ዝብርቅርቅ ሆነው ይታያሉ። ላይብረሪ ውስጥ በሲዲ የተቀመጠ የድሮ የመመረቂያ ጽሑፍ እንዲህ ከገጠማችሁ ተበላሽቷል ብላችሁ አትተዉት። የተጻፈበትን ፎንት ካወቃችሁ ወደ ዩኒኮድ መመለስ ይቻላል።

ሁለት ቅጂ ያዙ

ይህ ክፍል ላይ ጊዜ ውሰዱ።

የመጀመሪያው ቅጂ ጋዜጣው እንደጻፈው ነው። «ትምሕርት» ካለ ትምሕርት፣ «ሥራ» ካለ ሥራ፣ «ስራ» ካለ ስራ። የማተሚያ ቤት ስህተት ቢመስላችሁም አትንኩት። በቃላት መሐል ያለውን ሁለት ነጥብ እንዳለ አስቀምጡ። ይህ ቅጂ ምስክራችሁ ነው፤ በጽሑፋችሁ ውስጥ ጥቅስ የምታወጡት ከዚህ ብቻ ነው።

ሁለተኛው፣ መደበኛው ቅጂ የምንለው፣ ለኮምፒውተሩ ነው። የመጀመሪያውን በሌላ ስም ገልብጡና በዚያ ላይ አስተካክሉ። «፡»ን ሁሉ በክፍት ቦታ ተኩ፤ ያለዚያ አንዳንዱ ፕሮግራም ሙሉውን ዓረፍተ ነገር እንደ አንድ ቃል ይቆጥረዋል። ከዚያ ድምፃቸው አንድ የሆኑትን ፊደላት ወደ አንድ አምጡ፤ ሐ እና ኀን ወደ ሀ፣ ሠን ወደ ሰ፣ ዐን ወደ አ፣ ፀን ወደ ጸ፣ እያንዳንዱን ከነእርባታው። ሃ፣ ሓና ኃም ወደ ሀ ይግቡ፤ ዓና ኣም ወደ አ።

ለምን ይህን ያህል? «ፀሐይ» የምትለውን አጭር ቃል ውሰዱ። በሁለት ዓይነት ጸ፣ በሦስት ዓይነት ሀ፣ ያውም ራብዑን ሳንጨምር፣ ስድስት ዓይነት አጻጻፍ ሊኖራት ይችላል። አንዱን ብቻ ፈልጋችሁ «በዚህ ዓመት አልተጠቀሰም» ብትሉ የተሳሳተ መደምደሚያ ላይ ትደርሳላችሁ። መደበኛውን ቅጂ መሥራት ካልፈለጋችሁ ቢያንስ በፍለጋው ላይ [ፀጸ][ሐሀኀ]ይ ብላችሁ አማራጩን በቅንፍ ስጡት፤ አብዛኛው የጽሑፍ ማረሚያ ፕሮግራም ይቀበለዋል።

ነገር ግን መደበኛውን ቅጂ እንደ ዋና ጽሑፍ አድርጋችሁ እንዳታሳትሙት አደራ። ሠ እና ሰ በግእዝ ለየብቻ ሥር አላቸው፤ የዚያ ዘመን ጸሐፊ የቱን እንደመረጠ የአብነት ትምህርቱን ሊያሳይ ይችላል። አንዱ ተመራማሪ የሚጥለው ለሌላው ዋና መረጃው ነው።

መቁጠርና ማንበብ

ለቆጠራው አንትኮንክ ወይም ቮያንት የሚባል የቃላት መቁጠሪያ ፕሮግራም ይበቃል። ሁለቱም ነፃ ናቸው። አንትኮንክ ያለ ኢንተርኔት ይሠራል፤ ቮያንትም በድረ ገጽ ካለው ሌላ ወደ ኮምፒውተር የሚወርድ አለው። ዋይፋይ በሚቆራረጥበት ቀን ይህ ትልቅ ነገር ነው።

አማርኛ ቃል ላይ ይቀጥላል። «የትምህርት»፣ «በትምህርት»፣ «ለትምህርታቸው» ለፕሮግራሙ ሦስት የተለያዩ ቃላት ናቸው። ስለዚህ ከፊትና ከኋላ ኮከብ ምልክት አድርጋችሁ *ትምህር* ብላችሁ ፈልጉ፤ «ትምህርታቸው» ላይ የመጨረሻው «ት» ወደ «ታ» ስለሚለወጥ እሱን ተዉት። ከዚያ የወጣውን ዝርዝር በዓይናችሁ ገምግሙ፤ «ሴት» ስትፈልጉ ኮከቡ «ሐሴት» የመሰለ የማይገናኝ ነገር ሊያመጣ ይችላል። ፕሮግራሙ ቃሉን ከግራና ከቀኝ አውዱ ጋር በመስመር ሲደረድርላችሁ ቁጭ ብላችሁ እያንዳንዱን መስመር አንብቡ። ሥራው እዚህ ነው ያለው። «ሴት ልጅ» ከሚለው ቀጥሎ «ስፌት» ነው የሚመጣው ወይስ «ፊደል»? ማን ነው የሚናገረው፣ ለማን?

ቁጥሩን ስትዘግቡ ከጠቅላላው ቃል ጋር አነጻጽሩ። በአንዱ ዓመት አርባ ጊዜ፣ በሌላው ስድሳ ጊዜ ተጠቀሰ ማለት ብቻውን ምንም አይልም፤ ሁለተኛው ዓመት ላይ የተየባችሁት ጽሑፍ እጥፍ ሊሆን ይችላል። በአሥር ሺህ ቃል ስንት ጊዜ እንደሆነ አስሉ።

አሁን ያንን የጎደሉ እትሞች ዝርዝር አውጡት። ሚያዝያ ላይ ስለ ሴቶች ትምህርት ምንም የለም እንበል። ጋዜጣው ዝም ብሎ ነው፣ ወይስ የሚያዝያ ሁለት እትሞች ጥራዙ ውስጥ የሉም? ዝርዝሩ ከሌላችሁ መልስ የላችሁም። ካላችሁ የጎደሉትን ሌላው ላይብረሪ ሄዳችሁ ትፈልጋላችሁ፤ ካልተገኙም በጽሑፋችሁ ውስጥ በግልጽ ታስቀምጡታላችሁ። ጥሩ ፈታኝ መምህር መጀመሪያ የሚጠይቀው ይህንን ነው።

መብት

በ1996 ዓ.ም. የወጣው የቅጂ መብት አዋጅ ቁጥር 410 የጸሐፊውን መብት በሕይወት ዘመኑና ከሞቱ በኋላ ለ50 ዓመት ይጠብቃል። ጋዜጣው ስላረጀ ብቻ ሁሉም ነፃ ነው ማለት አይደለም። በ1920ዎቹ የጻፈ ወጣት በ1975 ዓ.ም. ቢሞት ጽሑፉ ገና ጥበቃ ላይ ሊሆን ይችላል። ለጥናት መጥቀስ አንድ ነገር ነው፤ ሙሉውን ኢንተርኔት ላይ መልቀቅ ሌላ። ፎቶዎቹን ለመልቀቅም የላይብረሪውን ፈቃድ በጽሑፍ ያዙ።

ሥራውን ለላይብረሪው መመለስ

ተማሪዎች የሚተዉት ደረጃ ይህ ነው፤ ለእኔ ግን ከሁሉም የሚያሳስበኝ እሱ ነው። ስንት ሰው ያንኑ ጋዜጣ ደጋግሞ ፎቶ አንስቷል! እያንዳንዱ የየራሱን ፍላሽ ይዞ ቤቱ ገባ፤ ወረቀቱ በየጊዜው እየተገለጠ አለቀ። የአንዱ ሥራ ላይብረሪው ውስጥ ቢቀመጥ ኖሮ ቀጣዩ ከዚያ ይነሳ ነበር።

አንድ ፎልደር አዘጋጁ። በውስጡ ፎቶዎቹ፣ እንዳለ የተተየበው ቅጂ፣ መደበኛው ቅጂ፣ ሠንጠረዡ፣ የጎደሉት ዝርዝር ይግቡ። ከሁሉ በላይ «መጀመሪያ ይህን አንብቡ» የሚል አንድ ገጽ ጻፉ። የትኞቹን ፊደላት በየትኞቹ እንደተካችሁ፣ የማይነበበውን ቃል በምን ምልክት እንዳስቀመጣችሁ፣ የትኞቹን እትሞች እንዳላረማችሁ ይግለጽ።

የአዲስ አበባ ዩኒቨርሲቲ ላይብረሪዎች የመመረቂያ ጽሑፎችን ዲስፔስ በሚባል ሥርዓት ኦንላይን ያስቀምጣሉ። ዳታውንም ከጽሑፉ ጋር ማስቀመጥ ይቻል እንደሆነ ባለሙያውን ጠይቁ። ከዚያ በተጨማሪ ዜኖዶ የሚባል የምርምር ዳታ ማስቀመጫ ድረ ገጽ ላይ መጫን ትችላላችሁ፤ በነፃ ነው፣ ለዳታው የማይቀየር መለያ ቁጥር ይሰጠዋል፣ ሌሎችም በዚያ ቁጥር ሥራችሁን ይጠቅሳሉ። መልቀቅ የማይፈቀዱትን ፎቶዎች አውጥታችሁ ሠንጠረዡንና መልቀቅ የሚቻለውን ጽሑፍ ብቻ ጫኑ።

በመጀመሪያው ቀን ጋሼ ያሏችሁን ባለሙያ በምስጋናው ገጽ ላይ ብቻ ሳይሆን በዳታው መግለጫ ውስጥም ፈቃዱን ጠይቃችሁ በስሙ አስገቡት። የጎደሉትን የነገራችሁ እሱ ነው፤ የእውቀት ሥራ ነው የሠራው። ቅጂውንም በፍላሽ ይዛችሁ ራሳችሁ አስረክቡት፤ ሠንጠረዡን እዚያው ጠረጴዛው ላይ ክፈቱለትና የመደርደሪያ ቁጥሮቹ ልክ መሆናቸውን አብራችሁ አመሳክሩ። ስህተት ካገኘ አርሙና ፋይሉን ቅጂ 1.1 በሉት፤ የቀድሞውን ግን አታጥፉት።